ልጃችሁ «ፊልም ልማር» ቢላችሁ

 

ለዚህ ወር ያዘጋጀነው ሌላ ርዕስ ነበር። ይሁን እንጂ አንድ አባት ከደሴ የላኩልን ደብዳቤ የያዝነውን አስጥሎናል። ወንድማችን የጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ ናቸው። ሦስተኛው ልጃቸው ገና በስምንት ዓመቱ የጫማ ካርቶን ቀዶ፣ ከኋላው የባትሪ መብራት አብርቶ፣ ከወረቀት የቆረጣቸውን ፈረሶች በጓዳ ግድግዳ ላይ ያስሮጥ ነበር። የሰፈሩ ልጆች ይህን ለማየት አንዳንድ ከረሜላ ይከፍሉ እንደነበር አባትየው ጽፈውልናል። ከፍ ሲል የእህቱን ስልክ እየተዋሰ የዘመድ ኒካሕ መቅረጽ ጀመረ። አሁን የ12ኛ ክፍል ፈተናውን በጥሩ ውጤት አልፏል። አባት አካውንቲንግ እንዲማርላቸው ለዓመታት ሲመኙ ኖረዋል። ልጅ ግን የመጀመሪያ ምርጫው አድርጎ የቴአትር ጥበባትን ሊሞላ ነው፤ ከዚያም ወደ ፊልም።

«ልጄ ሶላቱን አይተውም፣ ቁርአንንም አኽትሟል» ይላሉ። «ይህን ልጅ በገዛ እጄ ወደ ጥፋት ልላከውን? ከለከልኩት፤ ከከለከልኩት ወዲህ ግን እንቅልፍ የለኝም።»

ደብዳቤውን በዝግጅት ክፍላችን ጮክ ብለን አነበብነው። ገና ሳያልቅ አንዱ ባልደረባችን «እኔ ብሆን አንዲት ሳንቲም አልከፍልም» አለ። አንዲት እህታችን ደግሞ «ልጁ እኮ ገንዘብ አልጠየቀም» ስትል መለሰችለት። እውነትም በደብዳቤው እንደተገለጸው ልጁ ያለው «አባዬ፣ ዱዓ ብቻ ያድርጉልኝ» ነው። ክርክሩ እስከ ዐስር ሶላት ቆየ፤ ከሶላት በኋላም አልበረደም። ስለዚህ የምንጽፈው ሁላችንም የተስማማንበትን ብቻ እንዳልሆነ አስቀድመን እንናገራለን።

በመጀመሪያ በሸሪዓ በኩል ያለውን እንይ። እኛ ፈትዋ ሰጪዎች አይደለንም፤ ዐሊሞች ያሉትን ለማስታወስ ብቻ ነው። ሥዕል ሠሪዎችን በተመለከተ ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የተላለፈው ማስጠንቀቂያ ብርቱ እንደሆነ፣ ሐዲሱም በቡኻሪና በሙስሊም ዘንድ እንደሚገኝ የታወቀ ነው። ካሜራ ሲመጣ ታዲያ ዐሊሞች ተለያዩ። የግብፅ ሙፍቲ የነበሩት ሸይኽ ሙሐመድ በኺት አል-ሙጢዒ ፎቶግራፍ አላህ የፈጠረውን ነጸብራቅ መያዝ እንጂ በእጅ ፍጥረትን አስመስሎ መሥራት አይደለም በማለት የፈቀዱበትን ጽሑፍ አዘጋጅተዋል። ሸይኽ ዩሱፍ አል-ቀርዷዊ ሐላልና ሐራምን በሚመለከተው መጽሐፋቸው ሲኒማ መሣሪያ ነው፣ ፍርዱም በተሠራበት ነገር ላይ ነው ይላሉ፤ ይዘቱ ከብልግናና ዲንን ከሚጻረር ነገር የጸዳ እንዲሆን፣ ከሶላትና ከሌሎች ግዴታዎች እንዳያዘናጋ፣ ሥርዓት የለሽ የወንድና የሴት መቀላቀል እንዳይኖርበት ሲሉም ቅድመ ሁኔታ ያስቀምጣሉ። እንደ ሸይኽ ኢብን ባዝ ያሉት ደግሞ አጥብቀው ይዘውታል፤ ነፍስ ያለው ነገር ፎቶ በካሜራም ቢሆን ካላስገደደ በቀር አይፈቀድም ብለዋል። ልጁ የሚከተሉትን ሐሳብ ከሚያምኗቸው ዐሊም ዘንድ ቀርቦ መጠየቅ አለበት፤ አባትም አብረውት ቢቀርቡ መልካም ነው። (በነገራችን ላይ ልጃቸውን «ሥዕል ሐራም ነው» ብለው የሚቆጡ አባት ስልካቸው በልጅ ልጆቻቸው ፎቶ የተሞላ ከሆነ ልጁ ይህን ያያል። የሚያየውንም አይረሳም።)

ይህን ካልን በኋላ የአንድ አባትና ልጅ ታሪክ ወደ አእምሯችን መጣ።

ሙስጠፋ አል-ዐቃድ በ1930 እ.ኤ.አ. በሶሪያዋ ሐለብ ከተማ ተወለደ። ከልጅነቱ ጀምሮ ፊልም ሠሪ ከመሆን ሌላ ሕልም አልነበረውም። ሐለብ የተወለደ የጉምሩክ ሠራተኛ ልጅ ሆሊውድ ገብቶ ፊልም አዘጋጃለሁ ሲል የሰማ ሁሉ ምን ሊል እንደሚችል መገመት አያዳግትም። ይሁን እንጂ በ1954 በሎስ አንጀለሱ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ፊልም ለመማር ወደ አሜሪካ ተነሣ። አባቱ በዕለቱ ሁለት ነገር ሰጡት፤ 200 ዶላርና አንድ ቅዱስ ቁርአን። ከዚህ በላይ አቅም አልነበራቸውም።

እነዚያ አባት ልጃቸውን «ወይ ይህን ወይ ያንን» አላሉትም። ቁርአኑን ከልብሱ ጋር በሻንጣው ከተቱለት እንጂ፣ ፊልሙን እስኪተው ድረስ አልያዙበትም።

ከ20 ዓመት በኋላ ያ ልጅ የነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ.) ተልእኮ በፊልም ለመሥራት ተነሣ። ብዙዎቻችን በረመዷን ሌሊት በቪዲዮ ካሴት ያየነው «አር-ሪሳላ» ይህ ነው። በ1976 ወጣ። የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ፊት አይታይም፣ ድምፃቸው አይሰማም፣ ጥላቸው እንኳ አያርፍም። ተዋንያኑ ወደ ካሜራው ዞረው ይናገራሉ፤ የካሜራው ዓይን በእርሳቸው ቦታ ይቆማል። ለአንድ ፊልም አዘጋጅ ዋናውን ሰው ሳያሳዩ የሦስት ሰዓት ታሪክ መተረክ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ አስቡት። ሁዱዱ ሥራውን አልገደለበትም፤ የሥራውን መንገድ ራሱ ሁዱዱ ወለደው። በዚህ ላይ እያንዳንዱን ትዕይንት ሁለት ጊዜ ቀረጸው፤ አንድ ጊዜ በእንግሊዝኛ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ በሌሎች ተዋንያን በዐረብኛ። ሐምዛን በእንግሊዝኛው አንቶኒ ኩዊን፣ በዐረብኛው ዐብደላህ ጌይስ ተጫውተውታል።

እኛ ኢትዮጵያውያን ደግሞ በዚያ ፊልም ውስጥ የራሳችን ድርሻ አለን። ጃዕፈር ኢብን አቢ ጧሊብ በነጃሺ ፊት ቆመው ከሱረቱ መርየም ሲያነቡ፣ ንጉሡም በመካከላችን ያለው ልዩነት ከዚህ መስመር አይበልጥም ብለው በበትራቸው ወለሉን ሲያሰምሩ ያየ የኢትዮጵያ ሙስሊም ልጅ በዚያ ሌሊት ትንሽ ቀና ብሎ ተኝቷል። እኛም ከነዚያ ልጆች መካከል ነበርን።

መንገዱ ግን አልጋ በአልጋ አልነበረም። የአል-አዝሀር ዐሊሞች ጽሑፉን መጀመሪያ ካጸደቁ በኋላ ድጋፋቸውን አነሱ። በሞሮኮ የተጀመረው ቀረጻ ከስዑዲ ዐረቢያ በመጣ ተቃውሞ ተቋርጦ ወደ ሊቢያ ተሻገረ። በመጋቢት 1977 እ.ኤ.አ. በዋሽንግተን የታጠቁ ሰዎች ከመቶ በላይ ሰው ሲያግቱ ከጥያቄዎቻቸው አንዱ ይህ ፊልም እንዳይታይ ነበር፤ አንድ ወጣት ጋዜጠኛም በዚያ ተገደለ። ፊልሙ በስዑዲ ሲኒማ ቤት ለመታየት እስከ 2018 ድረስ መጠበቅ ነበረበት።

ቀጥሎ የሠራው የዑመር ሙኽታርን ታሪክ ነው። ዑመር ሙኽታር የቁርአን መምህር ነበሩ፤ ከጣልያን ጋር ለ20 ዓመት ያህል ተዋግተው በ1931 እ.ኤ.አ. ተሰቀሉ። በዚያ ፊልም በጠላትነት የሚታየው ጄኔራል ግራዚያኒ ነው፤ የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሕዝብ ላይ እልቂት የታወጀበት ያው ግራዚያኒ። የጣልያን መንግሥት ፊልሙን በ1982 አገደው፤ በጣልያን ቴሌቪዥን የታየው በ2009 ነው። በገበያ በኩል ግን ፊልሙ ወድቋል፤ ብዙ ሚሊዮን ዶላር ፈስሶበት የወጣበትን አልመለሰም።

ያልተጠቀሰ አንድ ነገር አለ፤ ብንሸሽገው አማና ማጉደል ይሆንብናል። ዐቃድ ለብዙ ዓመታት ገንዘብ ያገኘው «ሃሎዊን» ከተባሉት የአስፈሪ ፊልሞች ምርት ነው። ቢላዋ ይዞ የሚዞር ነፍሰ ገዳይ የሚታይባቸው እነዚህ ፊልሞች ለልጆቻችን የምንመኛቸው አይደሉም። ባልደረባችን «አያችሁ፣ መጨረሻው ይህ ነው!» ያለው እዚህ ላይ ነው። ለነገሩ መልስ አልነበረንም። ሙያው የዕለት እንጀራውን ከየት እንደሚያመጣ ያልጠየቀ ቤተሰብ ልጁ ከየት እንዳመጣው በኋላ ሲያይ ይደነግጣል። ዐቃድ በኅዳር 2005 እ.ኤ.አ. በዐማን ሆቴሎች ላይ በደረሰው የቦምብ ጥቃት ከልጁ ከሪማ ጋር ሞተ። የሶላሑዲንን ታሪክ በፊልም ለመሥራት ያሰበው ሳይፈጸም ቀረ። አላህ ይዘንላቸው።

እንግዲህ ወደ ደሴው ልጅ እንመለስ።

ለእርሱ የምንለው አለን። የቴአትር ጥበባት ትምህርት ከሁሉ በፊት የመድረክ ትምህርት ነው፤ ጽሕፈተ ተውኔት፣ ትወና፣ ዝግጅት። ካሜራ ተሸክሞ እገባለሁ ብሎ የሚጠብቅ ተማሪ የትወና ልምምድ ሲሰጠው፣ ምናልባትም ባልና ሚስት ሆናችሁ ተጫወቱ ሲባል ያን ጊዜ አይደናገጥ። ከመሙላቱ በፊት የሚማሩትን አግኝቶ ይጠይቅ። ፊልም ደግሞ የአንድ ሰው ሥራ አይደለም። ጽሑፍ አለ፣ ቀረጻ አለ፣ ድምፅ አለ፣ መብራት አለ፣ ቅንብር አለ። በቅንብር ክፍል የሚሠራ ሰው ከሶላቱም ከቤተሰቡም የማይርቅበት ዕድል ሰፊ ነው፤ ሌሊቱን ሙሉ በቀረጻ ቦታ የሚውለው ግን መግሪብን የት እንደሚሰግድ ከወዲሁ ማሰብ አለበት። ገቢውም ወጥ አይደለም። በአገራችን በዚህ ሙያ ያሉ ብዙዎች የሚኖሩት በሠርግ ቀረጻ፣ በማስታወቂያ፣ በመንዙማና በነሺዳ ክሊፕ፣ በድርጅቶች ዘጋቢ ፊልም ነው። ነጋዴ አባት ያለው ልጅ ይህን ሒሳብ ከአባቱ ጋር ቁጭ ብሎ ቢሠራው ነውር የለበትም፤ እንዲያውም አባት አካውንቲንግ ያሉት ያን ጊዜ ለልጁም ትርጉም ይሰጠው ይሆናል።

ትልቅ ገንዘብ ከሌለ ፊልም የለም የሚለው ግን ልክ አይደለም። ኢራናዊው መጂድ መጂዲ በ1997 የሠራው «የገነት ልጆች» የወንድምና የእህት ታሪክ ነው፤ የእህቱ ጫማ ስለጠፋ ሁለቱ በአንድ ጥንድ ጫማ እየተፈራረቁ ትምህርት ቤት ይሄዳሉ። ይኸው ነው። አንዲት ነውር ቃል፣ አንዲት አሳፋሪ ምስል የለበትም፤ ለኦስካር ሽልማትም ታጭቷል። እንዲህ ያለ ታሪክ በፒያሳም በሐረርም ሞልቷል።

ለአባትየው ደግሞ የሚከብደውን እንንገራቸው። እኛን የሚያስፈራን ልጁ ፊልም መማሩ አይደለም፤ ተደብቆ መማሩ ነው። በግድ ሌላ ትምህርት የገባ ልጅ ካሜራውን አይጥልም። ይዞት ይወጣል፣ ከቤት ራቅ ይላል፣ የሚሠራውን ለአባቱ አያሳይም። «ዲንና ይህ ሥራ አብረው አይሄዱም» ተብሎ በአባቱ አፍ የተነገረው ልጅ አንድ ቀን ከሁለቱ አንዱን ለመጣል ሲገደድ የትኛውን እንደሚጥል ማን ዋስ ይሆናል? በዚህ ላይ በዝግጅት ክፍላችን ክርክር አልነበረም። «አንዲት ሳንቲም አልከፍልም» ያለው ወንድማችን እንኳ ዝም አለ።

ይህን ጽሑፍ ለኅትመት ከመላካችን በፊት ለደሴው ወንድማችን ደውለን ነበር። ድምፃቸው ከደብዳቤው ይልቅ የተረጋጋ ነው። ልጁ አያቱን መቅረጽ እፈልጋለሁ ብሎ ጠይቋቸዋል። እናታቸው ዕድሜያቸው ገፍቷል፤ በልጅነታቸው የሰሙትን መንዙማ በቃላቸው የሚያውቁ እርሳቸው ብቻ ቀርተዋል። «መጀመሪያ እምቢ አልኩ» አሉን። «ኋላ ምስሉ ይቆየንና ድምፅዋን ቅዳ አልኩት። ቀዳ። ማታ ማታ ሱቁን ዘግቼ አብሬው እሰማለሁ፤ እኔ የማላውቀውን ሁሉ ነው የነገረችው።»

ቅጹስ? ብለን ጠየቅናቸው።

«ሐሙስ ነው የመጨረሻው ቀን» አሉ። «ነገ ሸይኻችን ዘንድ አብረን እንሄዳለን። እናንተም ዱዓ አድርጉልን።»