ጭቃ የሚያቦካ እጅ አይናቅ

አንዳንድ ሰዎች ልጅ ከጭቃ ፈረስ ሲሠራ ባዩት ጊዜ ሥራ ፈት ነው ብለው ይቈጡታል። ቍጣቸው ግን ትክክል አይደለም።

ፈረስ መሥራት ትዕግሥት ይጠይቃል። በአሶሳ አገር ያለ ልጅ አስቀድሞ ጠጠሩን ለቅሞ ጭቃውን ያቦካል። የአገሩ ቀርከሃ ውስጡ ድፍን ነውና፥ ያን ሰንጥቆ ለፈረሱ እግር አጥንት ያደርገዋል፤ ጭቃ ብቻውን ሆዱን አይሸከምምና። ፀሐይ እንዳይሰነጥቀውም በጥላ ያደርቀዋል። አንገቱ እንዴት እንደሚጐብጥ፥ ጆሮውም እንዴት እንደሚቆም ለማወቅ ሕያው ፈረስ አስተውሎ ያያል። እንግዲህ ማስተዋልን የሚማር ልጅ ሥራ ፈት ይባላልን?

ትልቅ ሥራም ከዚህ ይጀምራል። በአዲስ አበባ፥ በአራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ፥ ዐፄ ምኒልክ በፈረስ ተቀምጠው የሚታዩበት ሐውልት በ1923 ዓ.ም. ተመረቀ። እንዲህ ያለ የነሐስ ሐውልት ከመፍሰሱ በፊት መልኩ እንደ ጭቃ ካለ ለስላሳ ነገር ይቀረጻል።

ንጉሠ ነገሥቱም ራሳቸው በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ፥ ሸክላ ሠሪውንና ብረት ቀጥቃጩን ማንም በሥራው እንዳይሰድበው ከልክለው ነበር። ስድብ ባለ እጅን ያሳፍረዋል፤ በሙያው ያፈረ ሰውም ለልጁ አያስተምረውም፤ እንዲህም ሲሆን ጥበብ ከአገር ይጠፋል።

ስለዚህ የጓደኛህን የጭቃ ፈረስ አትርገጥ። እግሩ ቢወላገድም አትሳቅበት፤ ይልቁንም እስኪያቃናው ድረስ ቀርከሃውን ያዝለት።