ለኮምፒዩተር ሲባል ፊደል ይቀነስ?

ሰሞኑን ደጋግሜ የምሰማው ክርክር አለ። «ሃሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ፣ ብዙኃኑ ኀ ምን ያደርጉልናል? ንጉሡ ሠ ከእሳቱ ሰ፣ ዐይኑ ዐ ከአልፋው አ፣ ፀሐዩ ፀ ከጸሎቱ ጸ በድምፅ አይለዩም። ለኮምፒዩተሩም ሸክም ናቸው። ይቀነሱ!» ይባላል።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። በጽሕፈት መኪና ዘመንም ተነሥቶ ነበር። የዚያን ጊዜው ምክንያት ቢያንስ በዐይን የሚታይ ነበር፤ ከሁለት መቶ በላይ የሆኑ ሆሄያት በጥቂት ቁልፎች ላይ አይሰፍሩም። ዛሬ የጽሕፈት መኪናው ዕቃ ቤት ገብቷል፤ ፊደሉ ግን በቦታው አለ። ክርክሩም «ሰው ሠራሽ አስተውሎት» የሚል አዲስ ካባ ደርቦ ተመልሷል።

እንግዲህ ካባውን ገልጠን እንየው። ኮምፒዩተር የሚያውቀው ቁጥር እንጂ ፊደል አይደለም። በ1963 እ.ኤ.አ. አሜሪካኖች አስኪ የተባለውን ሠንጠረዥ ሲያወጡ ለፊደሉ፣ ለአኃዙና ለምልክቱ ሁሉ የመደቡት 128 ቦታ ብቻ ነበር። የታሰበው ለእንግሊዝኛ ነው። የእኛ ፊደል የዩኒኮድን ዓለም አቀፍ ሠንጠረዥ የተቀላቀለው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ዛሬ በስፋት በሚሠራበት ዩቲኤፍ-8 በተባለው አጻጻፍ፣ በሰልፉ ራስ ላይ ያሉት የእንግሊዝኛ ፊደላት አንዳንድ ባይት ሲይዙ የእኛዎቹ ሦስት ሦስት ይይዛሉ። «ኢትዮጵያ» በአምስት ሆሄያት ተጽፋ 15 ባይት ትወስዳለች፤ በእንግሊዝኛ ስትጻፍ ግን ስምንት ፊደል፣ ስምንት ባይት ናት።

ለመሆኑ ሐ ተሰርዞ በሀ ቢተካ ስንት ባይት እናተርፋለን? ምንም! ሀም ሦስት ነው፤ ሐም ሦስት ነው። ክብደቱ የመጣው ከሆሄያቱ ብዛት ሳይሆን በሰልፉ ላይ ከደረሰን ተራ ነው። ዩኒኮድ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ቦታ አለው። በአሥር ሺሕ የሚቆጠሩ የቻይና ምልክቶችን ተሸክሞ ያልጎበጠ ሠንጠረዥ፣ ከሐ፣ ከኀ፣ ከሠ፣ ከዐና ከፀ ሰባት ሰባት፣ በድምሩ 35 ሆሄያት ብናራግፍለት ምን ይቀለዋል?

«የቋንቋ ሞዴሎቹስ?» ይሉኝ ይሆናል። እነዚህ ጽሑፍን የሚያነቡት በቁራሽ በቁራሽ ነው። ብዙ ጽሑፍ ይሰበሰብና አዘውትረው ጎን ለጎን የሚገኙት ባይቶች እየተጣመሩ አንድ አንድ ቁራሽ ይሆናሉ። ብዙ የተጻፈበት ቋንቋ ቃሉ ሳይቆረስ ያልፋል፤ ጥቂት የተጻፈበት ቋንቋ ግን ቃሉ ይፈረፈራል። የአገልግሎቱም ዋጋ አብዛኛውን ጊዜ በቁራሽ ቁጥር ስለሚሰላ ያው ሐሳብ በአማርኛ ሲቀርብ ይወደዳል። ስለዚህ ችግራችን የጽሑፍ ማነስ እንጂ የፊደል መብዛት አይደለም። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይህ ነው።

ተከራካሪዎቼ አንድ እውነት በእጃቸው አለ፤ አልክድም። አንዱ «ዓለም»፣ ሌላው «አለም» ብሎ ሲጽፍ ኮምፒዩተሩ ሁለት ቃል አድርጎ ይቆጥረዋል። በዚህ የተነሣ ብዙ የአማርኛ የኮምፒዩተር ጥናቶች ሞክሼ ሆሄያትን አስቀድመው ወደ አንድ ያመጣሉ። ለፍለጋ ከሆነ ደግ ነው፤ የመጽሐፉ ገጽ ሳይነካ ፈላጊው ብቻ ሀንና ሐን እንደ አንድ ይቁጠር። ሞዴሉ የሚማርበት ጽሑፍ ራሱ ሲጨፈለቅ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ሠን አይቶ የማያውቅ ሞዴል ሠን አይጽፍም። ነገ ልጆቻችን ከእሱ የሚያነቡትና የሚገለብጡትም ይህንኑ ይሆናል።

ሁለቱን ሆሄ አንድ ማድረግ የጥቂት መስመር ትእዛዝ ነው፤ አንድ የሆኑትን መልሶ መለየት ግን ወተት ውስጥ የገባን ውኃ እንደ መልቀም ነው። «ድኅነት» መዳን ነው፤ «ድኽነት» ማጣት ነው። በግእዝ ፀሐይ «ሠረቀ»፣ ሌባ «ሰረቀ» ይባላል። ሆሄው ከጠፋ ፀሐዩን ከሌባው ማን ይለይልናል? እንግሊዝኛ በድምፅ የማይሰሙ ስንት ፊደላት ተሸክሞ ይኖራል! ለኮምፒዩተር ሲባል ይጣሉለት ያለ መሐንዲስ ግን አልሰማሁም።

እኔ የምለው ይህ ነው፤ አሳታሚዎች መጻሕፍቱን በፎቶግራፍ ሳይሆን ኮምፒዩተር ሊያነበው በሚችል ጽሑፍ ያኑሩልን። የቋንቋ ምሁራን አንድ ወጥ የአጻጻፍ መዝገብ ይስጡን። ሞዴል የሚሠሩ ወጣቶቻችንም ጽሑፉን ከመጨፍለቃቸው በፊት እንደ ተጻፈ አድርገው ያስቀምጡ። መቀነስ የሚወድ ሰው ካለ ደግሞ፣ መጋዘን ውስጥ ተቆልፎባቸው አቧራ የሚጠጡትን መጻሕፍት ቁጥር ይቀንስልን።