ቀለብ መስፈር ማኖር አይደለም

ስለ ሥልጣንና ተጠያቂነት ተወርቶ በማያልቅበት ሀገር፣ ስለ ትንንሽ ውሾች ብዕር ማንሳት ቅንጦት የሚመስለው አንባቢ እንደሚኖር አላጣሁትም። ይሁን እንጂ ሥልጣን ከቤተ መንግሥት ብቻ የሚገኝ ነገር አይደለም። አንዱ በሩን ከውጭ መቆለፍ በሚችልበት፣ ሌላው ግን ከውስጥ መክፈት በማይችልበት ቦታ ሁሉ ሥልጣን አለ። እንግዲህ ጉዳዩን በዚህ ዓይን ለሚያየው፣ የምናነሳው ነገር ፖለቲካ ነው።

የአዲስ አበባን የጋራ መኖሪያ ቤቶች ልብ ብሎ ላየ ሰው፣ ካለፉት ዓመታት ወዲህ አዲስ ዓይነት ነዋሪ ገብቶባቸዋል። ቁመቱ ከጉልበት በታች፣ ጸጉሩ የተንዠረገገ፣ በተለምዶ «የፈረንጅ ውሻ» የምንለው ትንሽ ፍጥረት ነው። መንገድ ዳር ቡችላ ታቅፈው ከሚቆሙ ወጣቶች ይገዛል፤ ስም ይወጣለታል፤ ቅዳሜና እሑድ ከልጆች ጋር ፎቶግራፍ ይነሣል። ሰኞ ማለዳ ግን በሩ ይቆለፍበታል።

ለመሆኑ ስንት ሰዓት? ሒሳቡን አብረን እንሥራ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛውን የሥራ ጊዜ በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ ይደነግጋል። አዋጁ የማይቆጥረው መንገዱን ነው። ከኮዬ ፈጬ፣ ከቱሉ ዲምቱ ወይም ከየካ አባዶ ተነሥቶ መሐል ከተማ የሚሠራ ሰው ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል ከቤቱ ካልወጣ አይደርስም፤ ማታም የመገናኛን የታክሲ ሰልፍ አልፎ 1 ሰዓት ተኩል ላይ ቤቱ ከገባ ዕድለኛ ነው። ይህ 13 ሰዓት ነው። በአምስት የሥራ ቀናት 65 ሰዓት ይሆናል። ከቀሪው የቀኑ 11 ሰዓት ላይ እንቅልፉን፣ እራቱን፣ የልጆቹን የቤት ሥራ ቀንሱለት። ለውሻው የሚተርፈው፣ ደክሞት ሶፋ ላይ የተዘረጋ ሰው እግር ሥር የሚያገኘው ጥቂት ደቂቃ ነው።

እዚህ ላይ የስሕተቱ ሁሉ እናት የሆነች አንዲት አስተሳሰብ አለች። «ትንሽ ስለሆነ ብዙ አያስቸግርም» ትላለች። የውሻው ሆድ ትንሽ ነው፤ እውነት ነው። የሚበላውም ትንሽ ነው። ብቸኝነቱ ግን በክብደቱ ልክ አይቀነስም። ውሻ ትልቅም ሆነ ትንሽ ከሰው ጋር በመንጋ መኖርን የለመደ እንስሳ ነው፤ የሺህ ዓመታት ታሪኩ ይኸው ነው። እንዲያውም ትንሽነቱ ችግሩን ያብሰዋል፤ ፊኛው ትንሽ ስለሆነ ሽንቱን ለረጅም ሰዓት መያዝ አይችልም፤ ቡችላ ከሆነማ በየጥቂት ሰዓቱ መውጣት አለበት። ማታ ባለቤቱ በሩን ከፍቶ ምንጣፉ ላይ ሽንት ሲያገኝ ይቆጣል፤ አንዳንዱም ይመታዋል። 13 ሰዓት የቆለፈበት ግን ራሱ ነው።

ከዚያ ጩኸቱ ይመጣል። ፖለቲከኞቻችን የሚቃወማቸውን ሰው ማናናቅ ሲያምራቸው «ውሾቹ ይጮኻሉ፣ ግመሎቹም ይሄዳሉ» ማለት ይወዳሉ። በኮንዶሚኒየሙ ተረቱ ቃል በቃል እውን ሆኗል፤ ውሻው ይጮኻል፣ ባለቤቱ ይሄዳል። ጎረቤት «ዝም አስብሉልን» ብሎ ለኮሚቴ ይከሳል፤ ባለቤቱም ይሰድበዋል ወይም አፉን ማሰሪያ ይፈልግለታል። ለምን እንደሚጮኽ የሚጠይቅ የለም። ብቻውን የቀረ ውሻ ሲያላዝን፣ በር ሲቧጥጥ፣ ጫማ ሲቦጫጭቅ የውሻ ጠባይ አዋቂዎች የመለየት ጭንቀት ብለው የሚጠሩትን ነገር እያሳየ ሊሆን ይችላል። ጮኾ ጮኾ ዝም ያለውም «ለመደ» ይባልለታል። ዝምታን እንደ ደስታ መቁጠር በዚህ ሀገር የገዢዎች ብቻ ልማድ እንዳይመስላችሁ!

የድሮውን የግቢ ውሻ ኑሮ ላሞካሽ አልሻም። ታስሮ የኖረ፣ በድንጋይ የተወገረ፣ ከተማዋም ባለቤት አልባ ነው ብላ በመርዝ የገደለችው ውሻ ብዙ ነው። ነገር ግን ያ ውሻ ብቻውን አልነበረም። ግቢው ሰው ነበረው፤ አያት ፀሐይ ይሞቃሉ፣ ሕፃናት ይሯሯጣሉ፣ ጎረቤት ቡና ሊጠጣ ይገባል። «ውሻ በበላበት ይጮኻል» የሚለው ተረት የተወለደው ከዚያ ግቢ ነው፤ የሚጠብቀው ቤት፣ የሚያውቀው ሰው፣ የሚሠራው ሥራ ነበረው። እኛ ግቢውን አፍርሰን ወደ አራተኛ ፎቅ ስንወጣ ውሻውን አሳንሰን አስከተልነው፤ ሰዎቹን ግን አላስከተልንም።

በታሪካችን ስመ ጥር የሆነው ትንሽ ውሻ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቺዋዋ፣ ሉሉ ነው። ፖላንዳዊው ጋዜጠኛ ሪሻርድ ካፑሺንስኪ እ.ኤ.አ. በ1978 ባሳተመው መጽሐፉ ስለዚህ ውሻ የጻፈውን ብዙዎች አንብበን ስቀናል፤ የትረካውን እውነተኛነት የሚጠራጠሩም ጥቂት አይደሉም። ትረካው ቢታመንም ባይታመንም፣ ሉሉ ከንጉሠ ነገሥቱ እግር ሥር የማይጠፋ ውሻ እንደነበረ የዘመኑ ፎቶግራፎች ይመሰክራሉ። የዛሬው ባለቤት ከዚያ ዘመን የወሰደው ጌጡን ነው። ትንሽ ውሻ መያዝ የደረጃ ምልክት መሆኑን ወረስን፤ ውሻው የሚፈልገውን ጊዜ ግን ከየት እንደምናመጣው አላሰብንም።

የሚቀርቡትን ማመካኛዎች አንድ በአንድ እንመልከታቸው።

አንደኛው «ቤት ሠራተኛ አለችን» የሚል ነው። መልካም! ያቺ ልጅ ታበስላለች፣ ታጥባለች፣ ሕፃን ትይዛለች። ከላይ የጠቀስኩት አዋጅ የእርሷን የሥራ ሁኔታ ልዩ ደንብ ይወስነዋል ብሎ ከጥበቃው ውጭ ትቷታል፤ ስለዚህ የሥራ ሰዓቷ ዳርቻ የለውም። አሁን ደግሞ ያላዘዘችው፣ ምናልባትም የምትፈራው ውሻ ተጨመረላት። የራስን ግዴታ እምቢ ማለት በማትችል ሰው ጫንቃ ላይ መጫን መፍትሔ ሊባል አይችልም።

ሁለተኛው «መንገድ ላይ ከሚሞት ይሻላል» የሚል ነው። ይህ ክርክር የሚሠራው ከጎዳና ላነሣ ሰው ነው። በገንዘብ የተገዛ ቡችላ ግን ከሞት አልዳነም፤ ይልቁንም ገዢ መኖሩን ያየው ነጋዴ ሌላ እናት ውሻ እንዲያስወልድ ገበያ ተከፍቶለታል።

ሦስተኛውና ከባዱ «ሰው በሚራብበት ሀገር ስለ ውሻ ይወራል ወይ?» የሚለው ነው። ይህን ጥያቄ አከብረዋለሁ፤ በጦርነትና በኑሮ ውድነት የተጎዳ ሕዝብ መሐል እንደምንኖር አልረሳሁም። ይሁንና ጥያቄው መቅረብ ያለበት ውሻውን ለገዛው ሰው ነው። ደግሞም ርኅራኄ ለአንዱ ሲሰጥ ከሌላው የሚጎድል የራሽን ስኳር አይደለም። ከእጁ በቀር ሌላ መጠጊያ በሌለው ፍጥረት ላይ የሚጨክን ሰው፣ ሥልጣን ቢያገኝ በሰው ላይ አይጨክንም ብዬ ለማመን ይቸግረኛል።

የክርክሬ ማዕከልም ይኸው ነው። እኛ ተምረናል የምንል የከተማ ሰዎች፣ በልተህ አድረሃልና ሌላ አትጠይቅ የሚለንን አስተዳደር አጥብቀን እንነቅፋለን። ሰው እህል ብቻ አይበቃውም፤ መደመጥ፣ መንቀሳቀስ፣ ከመሰሉ ጋር መሰብሰብ ያሻዋል እንላለን። ትክክል ነን። ወደ ቤታችን ስንገባ ግን ባለ አንድ መኝታ ክፍል ውስጥ የዘጋንበትን ውሻ «ምን ጎደለበት? ከውጭ የመጣ ምግብ ነው የምገዛለት» እንላለን። ቀለብ መስፈር ማኖር አይደለም፤ በአራት ኪሎም አይደለም፣ በአራተኛ ፎቅም አይደለም።

ጊዜያችንን ማን እንደበላው አልዘነጋሁም። ቤትን ከከተማው ጫፍ፣ ሥራን ከመሐሉ ያስቀመጠው የዕቅድ አወጣጥ፣ በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የከተማ ባቡር ያላቃለለው የመጓጓዣ ወረፋ፣ በ2016 ዓ.ም. ከፒያሳ ተነሥተው ወደ ዳርቻው የሄዱ ቤተሰቦች ጉዞ፣ ሁሉም የሚጠየቅበት ባለቤት አለው፤ እንጠይቃለንም። ነገር ግን ሰዓታችንን የነጠቀን ወገን ቡችላውን ግዙ ብሎ አላስገደደንም። ይህች ውሳኔ ሙሉ በሙሉ የራሳችን ናት፤ ስለዚህ ሙሉ ኃላፊነቷም የራሳችን ነው።

ሕጋችንስ? በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2071 የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ለሚያደርሰው ጉዳት፣ በድንገት ቢያመልጠው እንኳ፣ ተጠያቂ ያደርገዋል። እንስሳው የሚያደርስብን በዚህ መጠን ከተጤነ፣ እኛ የምናደርስበትስ? በስዊድን ውሻ ቀን ላይ ቢያንስ በየስድስት ሰዓቱ ከቤት እንዲወጣ ደንቡ ያዛል። በጀርመን ከእ.ኤ.አ. 2022 ጀምሮ የሚሠራው የተሻሻለ ደንብ ውሻ በቂ የውጭ እንቅስቃሴና በቀን ብዙ ጊዜ ከተንከባካቢው ጋር መገናኘት እንዲኖረው ያስገድዳል። እኛ ፓርላማ እስኪሰበሰብ መጠበቅ አያስፈልገንም። በአዋጅ ቁጥር 370/1995 የሚቋቋሙ የቤት ባለቤቶች ማኅበራት የመተዳደሪያ ደንብ አላቸው፤ ስለ ጩኸትና ስለ ቆሻሻ ብቻ መደንገጉን ትተው ውሻ በቀን ስንት ጊዜ መውጣት እንዳለበት፣ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቱም በወቅቱ ስለመሰጠቱ ይነጋገሩ። ያ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ መዳን የለውም ማለት ይቻላል፤ ክትባት ግን ይከላከለዋል።

አሁን ውሻ ላለውና ቀኑን ሙሉ ለማይገኝ ሰው የምለው ግልጽ ነው። ከሥራ በፊትና በኋላ አውጣው። እኩለ ቀን ላይ የሚያወጣው ሰው ፈልግ፤ በብሎኩ ውስጥ ጡረታ የወጡ አባት ወይም እናት ካሉ በአክብሮት ጠይቅ፣ ካልሆነም ለአካባቢው ወጣት ተገቢውን ክፍያ ክፈል። በረንዳ ላይ አስረህ አትሂድ። ይህን ማድረግ ካልቻልክ ሰው ለማይታጣበት ቤት ስጠው፤ ብታፍርም ስጠው።

ገና ላልገዛው ደግሞ አንድ ጥያቄ ብቻ አለኝ። የቡችላውን ዋጋ ጠይቀሃል፤ ከራስህ ቀን ውስጥ ስንት ሰዓት እንደምትከፍለው ጠይቀሃል? መልሱ «ምንም» ከሆነ ቡችላውን ሰው ላለው ቤት ተውለት።

ቸር ይግጠመን።