ለበዓል የተሠዋችው ውሻ

ስለ ሥልጣኔ ወሬ ሲነሣ ብዙ የተማሩ ወጣቶች፣ «ላይካ ባትሞት ኖሮ ሰው ወደ ጠፈር ባልወጣ ነበር» ይላሉ። እኔ ዕድሜዬን በማስተማር የጨረስሁ ሰው ነኝና ይህን አባባል ሰምቼ ዝም ማለት አይሆንልኝም፤ ሐሰት ነው።

ወጣት አንባቢ ሆይ፣ ነገሩን ከሥሩ ተመልከት። ላይካ ከሞስኮ ጎዳና የተያዘች፣ ባለቤት የሌላት ውሻ ነበረች። ጎዳና ያደገ ውሻ ብርዱንም ረኃቡንም ይችላል ተብሎ ተመረጠች። ስሟ በመስኮብኛ «ጯሂ» እንደ ማለት ነው፤ ውሻ በበላበት ይጮኻል እንዲሉ፣ ላበሏት ሰዎች ታዝዛ በጠባብ ሣጥን ውስጥ መቀመጥን ተማረች። ጥቅምት 24 ቀን 1950 ዓ.ም. በስፑትኒክ 2 ተላከች። መመለሻ ግን ከመጀመሪያውም አልተሠራላትም። ስለ ምን ቢሉ፣ የመስኮብ አብዮት 40ኛ ዓመት በዓል ስለ ደረሰ ነው። ክሩስቾቭ ለበዓሉ ዓለምን የሚያስደንቅ ነገር ፈለጉ፤ መንኰራኵሩም 4 ሳምንት እንኳ ባልሞላ ጊዜ በጥድፊያ ተሠራ። ሙቀቱ ከልክ አለፈ፤ ውሻይቱም በጥቂት ሰዓት ውስጥ በትኩሳትና በድንጋጤ ሞተች። ለሕዝብ የተነገረው ግን ብዙ ቀን ቆይታ ያለ ሥቃይ እንዳረፈች ነበር። እውነቱ በይፋ የወጣው በ1995 ዓ.ም. ነው። ለአንዲት የጎዳና ውሻ 45 ዓመት ሙሉ መዋሸት ምን ይባላል?

ቤልካና ስትሬልካ የተባሉት ውሾች በነሐሴ 1952 ዓ.ም. ወጥተው በደኅና ተመለሱ፤ ዩሪ ጋጋሪንም ሚያዝያ 4 ቀን 1953 ዓ.ም. ወጣ። እንግዲህ ሦስት ዓመት መታገሥ ምን ያጐድል ነበር? ላይካን ካሠለጠኑት ሊቃውንት አንዱ ኦሌግ ጋዜንኮ፣ ከ40 ዓመት በኋላ መጸጸታቸውን ገልጸዋል፤ ከጉዞው የተገኘው ዕውቀት ለውሻይቱ ሞት የሚበቃ አልነበረም ብለዋል። ሳይንስ የጠየቀው አይደለም፤ የበዓሉ ቀን የጠየቀው ነው።

አሜሪካኖቹም ከዚህ አልራቁም። ከካሜሩን የተወሰደ ሄኖስ የሚባል ቺምፓንዚ ኅዳር 20 ቀን 1954 ዓ.ም. ምድርን ዞረ። ሲሳሳት እግሩን ኤሌክትሪክ ይነዝረዋል፤ በጉዞው ላይ መሣሪያው ተበላሽቶ በትክክል ሲሠራም ይነዝረው ጀመር። ልክ የመለሰውን ተማሪ የሚገርፍ አስተማሪ እንደ ማለት ነው። እርሱ ግን ሥራውን አላቋረጠም።

ይህን የምጽፈው ሩቅ አገር ለመውቀስ ብቻ አይደለም። በፋሲካ ዋዜማ ከመቂ ወደ ሞጆ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ እዚሁ ዓለም ጤና ላይ ቁሙና ተመልከቱ። ዶሮ እግሯ ታስሮ፣ ተዘቅዝቃ በብስክሌት እጀታ ላይ ተንጠልጥላ በፀሐይ ትጓዛለች። አህያውም ከሌላው ቀን እጥፍ ይጫናል። ምነው ቢሏቸው፣ «በዓል ደረሰ፣ ጊዜ የለም» ነው መልሱ። የክሩስቾቭም ምክንያት ይኸው ነበር። የበለዓም አህያ ሦስት ጊዜ ተመትታ አፏን ከፈተች፤ የእኛይቱ እስክትናገር እንጠብቅ ይሆን?

ዶሮ አይታረድ አላልሁም፤ እኔም በፋሲካ ዶሮ ወጥ እበላለሁ። ነገር ግን እስክትታረድ ድረስ ቀና ብላ ትተንፍስ። ሰፋ ያለ ቅርጫት ከገበያ አይጠፋም፤ ልጆቼ፣ ዶሮ ልትገዙ ስትወጡ ይዛችሁ ውጡ።