መርፌው ይቅደም ወይስ ምርመራው?

ጎበዝ! ድሬዳዋ ላይ ሰው ሲያተኩሰው መጀመሪያ የሚፈራው ምንድን ነው? ወባ። በ2006 ዓ.ም. መጀመሪያ ታናሽ ወንድሜ ሲንቀጠቀጥ እኛም ያሰብነው ወባን ነበር። ሰፈር ያለ ክሊኒክ ወሰድነው። ደሙ ታየ፤ ወባ የለም። ታዲያ ምንድን ነው? መልስ የለም። "ሕመሙን ያስታግስለታል" ተብሎ መቀመጫው ላይ ዳይክሎፌናክ ተወጋና ተሸኘ።

በአምስተኛው ቀን ትኩሳቱ ለቀቀው። እናታችን "ተመስገን" ብላ ቡና አፈላች። ማታውኑ ድዱ ይደማ ጀመር፤ የተወጋበት ቦታ በልዞ አበጠ፤ ሰገራው እንደ ከሰል ጠቆረ። ሆስፒታል ከተኛ በኋላ ነው ደንጊ መሆኑን የሰማነው። የአገራችን የመጀመሪያው የተረጋገጠ የደንጊ ወረርሽኝ ነበርና በዚያ ክሊኒክ አልፈርድም። ማን ያውቅ ነበር?

ዛሬ ግን ይታወቃል። ጤነኛ ሰው በአንድ ማይክሮ ሊትር ደም ውስጥ ከ150 ሺህ እስከ 450 ሺህ ደም አርጊ ሕዋሳት (ፕላትሌት) አሉት። ከባድ ደንጊ ይህን ከ20 ሺህ በታች ሊያወርደው ይችላል። የደም ሥሩም ውኃ እንደሚያንጠባጥብ እንስራ ፈሳሹን ያፈሳል። ጉዱ ደግሞ፣ ይህ ሁሉ የሚብሰው ትኩሳቱ በርዶ ቤተሰብ እፎይ ባለበት ሰዓት መሆኑ ነው! አስፕሪን፣ አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ የተረፉትን ደም አርጊዎች ሥራ ያስፈታሉ፤ ጨጓራንም ያቆስላሉ። ጡንቻ ላይ የሚወጋ መርፌ ደግሞ ደም እንዲቋጥር ያደርጋል። ለዚህ ነው የዓለም ጤና ድርጅት ፓራሲታሞልና ብዙ ፈሳሽ እንጂ እነዚህን አትስጡ የሚለው።

ደንጊ በ2015 ዓ.ም. አፋር ውስጥ ሎጊያና ሚሌ ላይም ተነስቷል። ቢምቢዋ ቀን ስለምትናከስ የሌሊት አጎበር ብቻ አያድንም። የምትራባው በየቤቱ ባለው የውኃ በርሜል ነው። ቧንቧው እየጠፋበት ሕዝቡ በርሜል ባይሞላ ምን ሊጠጣ ኖሯል? ይህን ጥያቄ ባለሥልጣናቱ ይመልሱልን።

እኔን የሚያስጨንቀኝ ሌላ ነው። ደንጊ አራት ዓይነት ነው። አንዱ የያዘው ሰው በሌላኛው ሲያዝ ለከባዱ ሕመም የበለጠ ይጋለጣል። ወንድሜ ተርፎ ዛሬም የሚኖረው እዚያው ድሬ ነው።

እኔም በቅርቡ እሱን ጠይቄ ስመለስ አዲስ አበባ ላይ አተኮሰኝ። ክሊኒክ ገባሁ። ወባ ታየ፤ የለም። ከየት እንደመጣሁ የጠየቀኝ የለም። ደም አርጊዬን የሚቆጥረውን ተራ የደም ምርመራም ያዘዘልኝ የለም። ነርሷ "ሱሪህን ዝቅ አድርግ" አለችኝ፤ እጇ ላይ ያው ዳይክሎፌናክ።

"እህቴ፣ መጀመሪያ ደሜን ቁጠሩልኝ" አልኳት።

"አንተ ሐኪም ነህ?" አለችኝ።

አይደለሁም። ሱሪዬን አጥብቄ ወጣሁ። የመርፌውን ሒሳብ ግን አስቀድሜ ከፍዬ ነበር፤ አልመለሱልኝም።