መዋጮ ሰለቸን፤ ሱቅ እንክፈት!

ባለፈው የብርድ ወቅት እዚህ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ፣ ብቻቸውን ይኖሩ የነበሩ አንድ አባት አረፉ። ከሀገር ከወጡ ሠላሳ ዓመት አልፏቸው ነበር። ሰላማዊ ሰልፍ ሲጠራ፣ በረዶ ቢወርድም እንኳ፣ ባንዲራቸውን ይዘው ቀድመው የሚገኙ ሰው ነበሩ። እንደ ልማዳችን ለቅሶ ደረስን፣ ገንዘብ አዋጣን፣ አስከሬናቸውን ወደ ሀገር ቤት ሸኘን። በዚህ እንኳ አንታማም።

የቀረው ቤታቸው ነበር። የሕንፃው አስተዳዳሪ እስከ ወሩ መጨረሻ ቤቱን ባዶ አድርጋችሁ አስረክቡ አለን። አራት ሰዎች ሆነን ሄድን። ጠንካራ የእንጨት ጠረጴዛ፣ ስድስት ወንበር፣ ቁም ሳጥን፣ ድስቶች፣ ስኒዎች ከነረከቦታቸው፣ ከሀገር ቤት የመጣ መሶብ። ውሰዱ ብለን ያልደወልንለት ሰው የለም። የሁሉም መልስ “የት አደርገዋለሁ?” ነበር። በመጨረሻው ቀን እቃውን እየተሸከምን ከሕንፃው ጀርባ ባለው የቆሻሻ ገንዳ ውስጥ ጣልነው። መሶቡን የጣልኩት እኔ ራሴ ነኝ።

ሁለት ሳምንት ሳይሞላ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ በቅርቡ ከሀገር የመጣች አንዲት እናት ቀረብ ብላ “ጋሼ፣ ያገለገለ ጠረጴዛ የሚሸጥ ሰው ያውቃሉ? ልጆቼ የቤት ሥራቸውን የሚጽፉት ምንጣፍ ላይ ተኝተው ነው” አለችኝ። አፈላልጌ በነጻ አመጣልሻለሁ ስላት ፊቷ ተለወጠ። “በነጻስ አይሁን። ሃያም ሠላሳም ዶላር ብከፍል ይሻለኛል። ከመጣሁ ጀምሮ እጄን እንደዘረጋሁ ነኝ” አለችኝ። ስለ ገንዳው ምን ብዬ ልንገራት?

ውድ አንባቢያን፣ ይህን የምጽፈው ላስለቅሳችሁ ብዬ አይደለም። አንድ ሐሳብ ስላለኝ ነው። በየከተማው ያሉ የኮሙኒቲ ማኅበሮቻችን በርካሽ ዋጋ ያገለገለ የቤት እቃ የሚሸጥ ሱቅ ይክፈቱ! ይህ ሱቅ ሦስት ችግሮቻችንን በአንድ ጊዜ ያቃልላል። የሚጣለው እቃ ይተርፋል፣ አዲስ መጪው ሳይለምን ቤቱን ያደራጃል፣ ማኅበሩም በየስብሰባው የእራት ቲኬት ከመሸጥና ከመለመን ወጥቶ የራሱ ገቢ ይኖረዋል።

እስቲ እውነቱን እንነጋገር። ስንቶቻችን ነን የማንጠቀምበትን እቃ አስቀምጠን በየወሩ የመጋዘን ኪራይ የምንከፍለው? “ሳይቸግር ጤፍ ብድር” ማለት ይህ ነው። ስንቱስ ማኅበር ነው “የራሳችን ሕንፃ” እያለ ከአሥርና ከሃያ ዓመት በላይ ገንዘብ ሲያሰባስብ የኖረው? ላም አለኝ በሰማይ...!

ነገሩ ለእኛ ባዕድ አይደለም። በሀገር ቤት እድር ድንኳን፣ አግዳሚ ወንበር፣ ድስትና ሳህን በጋራ ገዝቶ በጋራ ዕቃ ቤት ያስቀምጣል፤ ለደረሰበት ሁሉ ያወጣል። “ቁራሌው!” እያለ በየመንደሩ የሚዞረው ልጅ አሮጌ እቃ ገዝቶ ያሳደገው ቤተሰብ ብዙ ነው። መርካቶ ምናለሽ ተራ የሄደ ሰው፣ የተጣለ በርሜልና ቆርቆሮ ተቀጥቅጦ ምድጃና መጥበሻ ሲሆን በዓይኑ አይቷል። አሮጌ እቃ ማለት ያለቀለት እቃ ማለት እንዳልሆነ እኛ ለሌላው ማስተማር የምንችል ሕዝብ ነን።

ፈረንጆቹም ቢሆኑ ትልልቅ ድርጅቶቻቸውን የገነቡት በዚሁ መንገድ ነው። ጉድዊልን እ.ኤ.አ. በ1902 ቦስተን ውስጥ የጀመሩት ኤድጋር ሄልምስ የሚባሉ የሜቶዲስት ቄስ ናቸው። ከሀብታሞች ሰፈር አሮጌ ልብስና የቤት እቃ በጆንያ ይሰበስቡና ሥራ ያጡ ድሆችን፣ ብዙዎቹም ስደተኞች ነበሩ፣ እያሠሩ ያስጠግኑ ነበር። የተጠገነው ይሸጣል፤ ከሽያጩ ደመወዝ ይከፈላል። ኦክስፋም ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1942 ኦክስፎርድ ከተማ ተመሥርቶ፣ በዚያው አሥርት ዓመት መጨረሻ ላይ ብሮድ ስትሪት በተባለው መንገድ የስጦታ እቃ የሚሸጥበት ሱቅ ከፈተ። በ1977ቱ ረሀብ ኢትዮጵያ ውስጥ እርዳታ ካደረሱት ድርጅቶች አንዱ ይኸው ኦክስፋም ነበር። ከገቢው ምንጮች አንዱ እንዲህ ያሉ ሱቆች ነበሩ። የእንግሊዝ አሮጊቶች ከሰጡት ኮትና ሳህን የተገኘ ገንዘብ ወገናችንን ካጎረሰ፣ እኛ በራሳችን ሳህን ለራሳችን ሰው ምን ልንሠራ እንደምንችል አስቡት።

“ያዋጣል ወይ?” ለምትሉኝ፣ በምሳሌ እናስላው። የሱቁ ኪራይ በወር 3,000 ዶላር፣ መብራቱ፣ ኢንሹራንሱና የጭነት መኪናው 1,500 ዶላር ነው እንበል። በወር 25 ቀን ከተከፈተ የቀን ወጪው 180 ዶላር ነው። አንድ ገዢ በአማካይ 8 ዶላር ቢያወጣ፣ በቀን 23 ገዢ ወጪውን ይሸፍናል። ሃያ አራተኛው ሰው ትርፍ ነው። ገዢው ደግሞ ሐበሻ ብቻ አይደለም። የሳልቫዶሩም፣ የካሜሩኑም ጎረቤታችን ድስትና ወንበር ይፈልጋል። በርግጥ ይህ የሚሆነው መጀመሪያ ላይ ሠራተኛው በጎ ፈቃደኛ ሲሆን ነው። ጡረታ የወጡ አባቶችና እናቶች፣ የበጎ አድራጎት ሰዓት መሙላት ያለባቸው የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ሞልተውናል።

ሕጉም አይከለክለንም። ማኅበሩ “ፋይቭ ኦ ዋን ሲ ስሪ” የሚባለው ከግብር ነጻ የመሆን ፈቃድ ካለው፣ የሚሸጠው እቃ በአብዛኛው በስጦታ የተገኘ እስከሆነ ድረስ ከሽያጩ የሚገኘው ትርፍ የፌዴራል የገቢ ግብር አይከፈልበትም። የሽያጭ ታክሱ ግን እንደየስቴቱ ስለሚለያይ አስቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል። እቃ ለሰጠ ሰው ደረሰኝ ይሰጠው። የግብር ቅናሽ የሚያገኘው ግን እቃው በደህና ሁኔታ ላይ ያለ ከሆነና ወጪዎቹን በዝርዝር የሚያስመዘግብ ሰው ከሆነ ነው።

ሱቁ ቆሻሻ መጣያ እንዳይሆን ገና በሩ ላይ “አንቀበልም” ማለትን መልመድ አለብን። ፍራሽ አንቀበል፤ ትኋን አንድ ጊዜ ከገባ ሱቁን ያዘጋል። ጎኑ ወደ ታች የሚወርድ የሕፃን አልጋ ሕፃናትን ስለገደለ እ.ኤ.አ. ከሰኔ 2011 ጀምሮ አሜሪካ ውስጥ አዲሱንም ሆነ አሮጌውን መሸጥ ክልክል ነው። ገመዱ የተላጠ የኤሌክትሪክ እቃ አይገባም። የገባው ይታጠብ፣ ይሞከር፣ ዋጋው ይለጠፍበት። በወር ያልተሸጠ በግማሽ ዋጋ፣ ከዚያም ያልተሸጠ ይሰናበት። የዘመድ ዋጋ የሚባል ነገር አይኑር።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። እኔን የሚያሰጋኝ ኪራዩ አይደለም። የሚያሰጋን እኛው ነን። አንደኛው ይሉኝታችን ነው። “አሮጌ ሻጭ ሆኑ” እንዳንባል የምንፈራ፣ በክሬዲት ካርድ ዕዳ አዲስ ሶፋ የምንገዛ ሰዎች ብዙ ነን። ሁለተኛው በገንዘብ አለመተማመናችን ነው። “ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ” የሚለውን ተረት በየማኅበራቱ አይተነዋል። መድኃኒቱ ግን ስብከት አይደለም። በየወሩ ገቢና ወጪው በአንድ ገጽ ተጽፎ ሱቁ መስኮት ላይ ይለጠፍ። ቼክ ያለ ሁለት ፊርማ አይውጣ። ሒሳብ መርማሪው ከኮሚቴው ውጭ የሆነ ሰው ይሁን። ስለ ግልጽነትና ተጠያቂነት መንግሥትን ስንጠይቅ የኖርን ሰዎች፣ በአንዲት የድስት ሱቅ ካልተገበርነው ማን ይሰማናል?

ሦስተኛውና ከባዱ ፖለቲካችን ነው። በአንድ ከተማ ሁለት ሦስት ማኅበር ያለን፣ በአንድ ካፌ ጎን ለጎን ተቀምጠን የማንነጋገር ሰዎች ሆነናል። ፖለቲካችሁን ተዉ አልልም፤ እኔም አልተውኩም። ግን ወንበር የሚገዛ ሰው ከየት ክልል መጣህ ተብሎ አይጠየቅ። ሱቁ ውስጥ ፖስተር አይለጠፍ፣ ለማንም ድርጅት ገንዘብ አይውጣ። ትርፉ የት እንደሚውል ከመክፈታችን በፊት በጽሑፍ እንወስን፦ ለአዲስ መጪዎች፣ ለቀብር፣ ለልጆች የአማርኛ ትምህርት። ክርክር ካለን አዳራሹ አለልን።

“ይህ ትንሽ ነገር ነው፤ ሀገር እየነደደች ስለ ድስት ታወራለህ?” የሚለኝ አይጠፋም። ወንድሜ፣ ከዚያ እሳት ሸሽታ የመጣችው ሴት እኮ የጠየቀችኝ ጠረጴዛ ነው።

ለነገሩ ጠረጴዛ አግኝቼላታለሁ። አንድ ወዳጄ መጋዘን ውስጥ አራት ዓመት ኪራይ ሲከፍልበት የኖረ ጠረጴዛ ነበረው። ልናደርስላት ስንሄድ 25 ዶላር ቆጥራ ሰጠችን። ወዳጄ አልቀበልም ቢል እምቢ አለች። ገንዘቡ ዛሬም በፖስታ ውስጥ እኔ ጋ አለ። በሚቀጥለው የማኅበራችን ስብሰባ ይህን ፖስታ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣለሁ። የሱቁ የመጀመሪያ ገቢ ሆኖ ይመዝገብልኝ።

ቸር ይግጠመን።