መንዝና መርሐቤቴ፦ ርቀቱ በኪሎ ሜትር ወይስ በሰዓት?

የመርካቶ አስመጪ ጓንዡ ምን ያህል እንደምትርቅ ቢጠየቅ ኪሎ ሜትር አይጠራም። «አሥር ሰዓት ገደማ በረራ ነው» ይላል፤ ሒሳቡንም የሚሠራው በዚያው ነው። የአገር ውስጥ ንግድ ልማድ ግን ሌላ ነው። የመሐል ሜዳ በግ ወይም ገብስ ሲነሣ ደላላውም ነጋዴውም «ከአዲስ አበባ 282 ኪሎ ሜትር» ይላሉ። ገበያውን የሚያሳስተውም ይኸው ቁጥር ነው።

ቻይናውያን ይህን ካወቁት ቆይቷል። ከቤጂንግ ሻንጋይ ያለው የፈጣን ባቡር መስመር 1,318 ኪሎ ሜትር ሲሆን ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። በአውሮፕላን ሁለት ሰዓት ከሩብ ያህል የሚፈጀው ጉዞ በፈጣኑ ባቡር አራት ሰዓት ተኩል ገደማ ይወስዳል። ይሁንና ባቡሩ ተሳፋሪ አላጣም። ወደ ኤርፖርት መመላለሱ፣ ፍተሻውና ተራ መጠበቁ ሲደመር ልዩነቱ ይጠባልና።

በሰሜን ሸዋ የመንዟ መሐል ሜዳና የመርሐቤቴዋ ዓለም ከተማ በአየር ሲለኩ የሚራራቁት 80 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። አነስተኛ አውሮፕላን ቢኖር ሃያ ደቂቃ ይበቃው ነበር። ነገር ግን በመካከሉ የአዳባይና የወንጭት ሸለቆዎች አሉ። ከደጋው ጫፍ ወደ ቆላ ወርዶ እንደገና መውጣት አህያና በቅሎ የለመዱት እንጂ ለከባድ መኪና የሚመች አይደለም። በዋናው መንገድ የሚሄድ ጭነት በጣርማ በር ዞሮ፣ ደብረ ብርሃንን አልፎ፣ አዲስ አበባ ደርሶ፣ በሙከ ጡሪ በኩል ሲመለስ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል።

የመንዝና የግሼ ደጋ በግ፣ ሱፍ፣ ገብስና ባቄላ አለው። መርሐቤቴ ጤፍና ማሽላ ያበቅላል። እርስ በርስ ሊገበያዩ የሚገባቸው ጎረቤታሞች አዲስ አበባ ላይ ሲገናኙ የመኪናውን፣ የጫኝና አውራጁን፣ የደላላውንም ሒሳብ የሚሸከሙት ገበሬውና ሸማቹ ናቸው። በግ ደግሞ እንደ ገብስ አይደለም፤ መኪና ላይ በቆየ ቁጥር ይከሳል። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በክልሉ በደረሰው የጸጥታ ችግር መንገድ በተዘጋ ቁጥር ሰዓቱ ወደ ቀናት ተለውጧል፤ ኪሎ ሜትሩ ግን አንድም አልጨመረም።

መፍትሔው የአውሮፕላን ማረፊያ ነው የሚል ሐሳብ ሊነሣ ይችላል። ሆኖም የአንድ ኩንታል ገብስ ዋጋ የአውሮፕላን ኪራይ አይሸከምም። ለሁለቱ ደጋዎች የሚያዋጣው ሸለቆውን በክረምትም በበጋም በሚያስኬድ መንገድና ድልድይ ማገናኘት ነው። ለዚህ የሚወጣው ገንዘብ መመዘን ያለበትም በተነጠፈው ኪሎ ሜትር ሳይሆን ለነጋዴው በሚያተርፈው ሰዓት ነው።

እስከዚያው ድረስ ነጋዴው ራሱ ሊያደርገው የሚችለው አለ። የጭነት ውል ሲዋዋል የማድረሻ ሰዓት ይጻፍበት። የበጋውና የክረምቱ ሰዓት ይለያይ፤ ለዘገየ ጭነት ከኪራዩ የሚቆረጠውም አስቀድሞ ይወሰን። ደላላውም ዋጋ ሲጠራ «መቼ ይደርሳል?» የሚለውን አብሮ ይመልስ። በመጋዘን ላይ ገንዘቡን ሊያውል የሚያስብ ባለሀብትም መሬት ከመምራቱ በፊት ከመንገዱ ላይ ሰዓቱን ይቁጠር። ካርታ አይቶ «ቅርብ ነው» ያለ ሰው፣ ሳሩን አይቶ ገደሉን ሳያይ የገባ ነው።